የጋሽ ማቴዎስ ጉድጓድ

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ስንጥቁ ሰፍቷል። ቅዳሜ ጣቴ አይገባበትም ነበር፤ ዛሬ ጠዋት እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ከወጥ ቤታችን ጀርባ ተነስቶ አጥሩን እየተከተለ እስከ ውኃ ታንከሩ ይደርሳል። እማዬ "ዋልካ አይደል፣ ሲደርቅ መሰንጠቁ የት ይቀራል" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን በድርቀት የሚመጣ ስንጥቅ ወዲህም ወዲያም ይበታተናል። ይሄኛው ቀጥ ያለ ነው። ከጉድጓዱ ጠርዝ እኩል ነው የሚሄደው።

ጉድጓዱ የአጥር ጎረቤታችን የጋሽ ማቴዎስ ነው። አሮጌውን ቤት አፍርሰው ለልጆቻቸው ፎቅ ሊሠሩ ነው፣ ከሥሩ ቤዝመንት ያለው። እስካቫተሩ ባለፈው ሳምንት ቆፍሮ ሄደ። በእኛ በኩል ያለውን ግድግዳ እንደ ቅቤ ቀጥ አድርጎ ነው የቆረጠው፤ ሁለት ሰው ቢደራረብ ጫፉ አይደርስም። ድጋፍ የለው፣ ደረጃ የለው። ከላይ ደግሞ እኛ አለን።

የኔ ሥራ ጉድጓድ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ ሳጠና፣ አፋር በረሃ ላይም፣ ኦሞም፣ ዋሻ ውስጥም በብሩሽ አፈር ስጠርግ ነው ዕድሜዬ የሄደው። እኛ እስከ ደረት የሚደርስ ጉድጓድ እንኳ ጎኑን በደረጃ ሳናወርድ አንቆፍርም። ጀማሪ እያለሁ አንድ ግድግዳ ሲወርድ አይቻለሁ። ለምሳ ወጥተን ነበር። ይሄን ያህል ድምፅ አልነበረውም። ዞር ስንል አካፋዎቹ የሉም።

ፎርማኑን ታደለን አናገርኩት። ጥሩ ልጅ ነው፣ ቀልደኛ።

"ዶክተር፣ ይሄ እኮ አለት ነው። ዲጂኖ አልበላው ብሎ ነው እስካቫተር ያመጣነው።"

"ደርቆ ነዋ። ዝናብ ሲጠጣስ?"

"ዝናቡ ሳይመጣ እንጨርሳለን።"

ወደ ወጨጫ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ሠራተኞቹ ምሳቸውን የሚበሉት በዚያው በእኛ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ነው። ጥላ አለው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ከሥራ ስመለስ 18 ማዞሪያ ወርጄ ጋሽ ማቴዎስ ሱቅ ሄድኩ። ማር፣ ቅቤ፣ ኮረሪማ ይሸጣሉ። ከዳውሮ በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ ኮልፌ ያረጁ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። አባዬ የሞተ ጊዜ ለእማዬ ወንድም የሆኑላት እሳቸው ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሻንጣዬን ተሸክመው መናኸሪያ ድረስ የሸኙኝም እሳቸው። ይሄን እያሰብኩ መናገር ከበደኝ።

"ጋሽ ማቴዎስ፣ ግድግዳው ይወርዳል" አልኳቸው።

ሳቁ። "ምሕረትዬ፣ መሐንዲስ አለኝ እኮ።"

"መጥቶ አይቶታል?"

"ፕላኑን ፈርሟል።"

"ጉድጓዱንስ አይቶታል?"

ሚዛናቸውን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ። ቆይተው፣ "ልጄ፣ ክረምት ሳይገባ መሠረቱን ካላወጣሁ እንደተከፈተ ሊከርም ነው። ጸልዪልኝ እንጂ አታስፈራሪኝ" አሉኝ። ለእማዬ ብለው ማር ሰጡኝ። ማሩን ታቅፌ ታክሲ ተሰለፍኩ። ሌላ ምን ልላቸው እችል ነበር?

መልካም ዜናም አለ፤ ሳልጽፈው ልተኛ ነበር። ዶክተር ኃይሉ ጠርተውኝ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ ናቸው፤ ድንጋይ ከድንጋይ መለየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የዘንድሮው የአፋር ቁፋሮ ፈቃድ በኔ ስም እንዲወጣ ኮሚቴው ተስማምቷል፤ የቀረው ፊርማ ነው። እስከ ዛሬ ሁሌ የሌላ ሰው ሁለተኛ ነበርኩ። ይሄን ቀን ስንት ዓመት ስመኘው ነበር። እኔ ግን የማስበው ስለ ስንጥቁ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ፈቃድ ጠይቄ ወረዳ ሄድኩ። ወጣት ባለሙያ ነው የተቀበለኝ፣ ትሑት።

"የምን ዶክተር ነዎት?"

"የአርኪዮሎጂ።"

"እ፣ የእነ ሉሲ!"

ፋይሉን አወጣ። ሁሉም ነገር የተሟላ ነው፤ ፈቃዱም፣ ፕላኑም፣ ማኅተሙም። "የመሐንዲስ ማስረጃ ያስፈልገናል እንጂ እርስዎ ስላሉ ብቻ ማስቆም አንችልም" አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ "ቅርስ ተገኘ ቢሉኝ ኖሮ በአንድ ስልክ አስቆመው ነበር" አለ። ሁለታችንም ሳቅን።

ፕላኑን የፈረመው መሐንዲስ ስልክ ዝግ ነው። አንድ የማውቀው መሐንዲስ ደግሞ ሐዋሳ ነው ያለው፤ "ሳምንት መጥቼ አይልሻለሁ" አለኝ።

ማታ ዘነበ፤ ብዙም አይደለም። እማዬ በመስኮት እያየች "ተመስገን፣ አቧራው ይረግፋል" አለች። እኔ የሰማሁት ውኃው ወደ ስንጥቁ ሲንቆረቆር ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

መኝታ ቤት የሚያህል ባይሆንም አንድ በር የሚያክል ቁራጭ ተገምሶ ወደቀ። ጠዋት ነው፤ ገና ልወጣ ስል። ሮጬ በአጥሩ ላይ አየሁ። ሠራተኞቹ እየሳቁ ነው። ብርቄ የምትባለው፣ ድንጋይ የምትሸከም፣ ከሁሉም ጮክ ብላ የምታወራ ሴት፣ የምሳ ዕቃዋን አንስታ ጥቂት ወዲያ አስቀመጠችው። በቃ። ይሄን ያህል ነው የሸሸችው።

"እህቴ፣ ከዚያ ራቂ!" ብዬ ጮህኩባት።

"ዶክተርዬ፣ ፀሐዩ ነው የሚገድለኝ!"

ታደለ የወደቀውን አፈር በጋሪ አስወጣ። አፈሩ በወደቀበት ቦታ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተቦርቡሯል፤ ላዩ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ይሄ ደግሞ የባሰ ነው።

ቢሮ ምንም አልሠራሁም። ፎቶ አንስቼ ለጋሽ ማቴዎስ ላክሁ። "እግዚአብሔር ይጠብቀን" ብለው መለሱልኝ። ለወረዳው ልጅም ላክሁ። አላየውም።

ከሰዓት ቤት ስገባ በረንዳው ላይ ያለችው የወተት ጣሳ ዓይኔ ገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ ባልጩት የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ እፈልጣለሁ፤ የጥንት ሰው ጠርዙን እንዴት እንዳወጣው የሚገባኝ በራሴ እጅ ስሞክረው ነው። ስብርባሪው እግሯን ስለቆረጣት እማዬ ናት ጣሳዋን የሰጠችኝ። ውስጧ ያለው ሁሉ የኔ እጅ ሥራ ነው። ለማያውቅ ሰው ግን የጥንት መሣሪያ ይመስላል...

አላደርገውም። ድንጋይ የሚያጠና ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር አንዴ ካደረገ የጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ማንም ሁለተኛ አያምነውም። ባያምኑትም ልክ ናቸው።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

አደረግሁት።

እንዳለ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ ሌላ ታሪክ አሳምርለታለሁ። ሌሊቱን በሙሉ ዘነበ። ጠዋት ስንጥቁ ውስጥ መዳፌ እስከ እጄ አንጓ ገባ፤ ቢሮ አልሄድኩም። ሰባት ሰዓት ላይ ሠራተኞቹ ምሳቸውን ይዘው ሲወርዱ ሰማኋቸው፤ ብርቄ ትዘፍናለች። ከጣሳው እፍኝ ባልጩት አንስቼ ጃኬቴ ኪስ ከተትኩ። በጓሮ ዞሬ ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ። ታደለን "አፈሩን ልየው" አልኩት። "ይግቡ ዶክተር፣ ቤትዎ ነው" አለኝ።

በዚያ ግድግዳ ሥር ቆምኩ። ጀርባዬን ለሰዎቹ ሰጥቼ፣ በደረቴ ቁመት፣ እርጥቡ ጭቃ ውስጥ አንድ በአንድ ሰካሁት። ቶሎ አለቀ። እሱ ነው የሚያስደነግጠኝ። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከላይ ደቃቅ አፈር አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል።

ከዚያ ዞሬ፣ "ሥራ አቁሙ! ሁላችሁም ውጡ! ቅርስ ነው!" አልኩ።

ድምፄ እንደ አለቃ ነበር። ስለ ሞት ስለምናቸው ንቅንቅ ያላሉት ሰዎች ስለ ድንጋይ ስናገር ተነሡ። ብርቄ መጥታ አንዱን ነቀለችና ጣቷን ቆረጣት። "ውይ! ይሄ ምላጭ ነው እንዴ?" እንደ ምላጭ ነው፤ የባለፈው ቅዳሜ ነዋ። ዘመን የቆየ ባልጩት ፊቱ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይሸራረፋል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ካየው በቂው ነው።

ለወረዳው ልጅ ደወልኩ። እንዳለውም በአንድ ስልክ ቆመ። ከባህልና ቱሪዝም አንዲት ልጅ መጥታ ፎቶ አነሳች፣ ጉድጓዱን በገመድ አጠረች፣ ደስ ብሏት እጄን ጨብጣኝ ሄደች።

አሁን ጉድጓዱ ውስጥ ማንም የለም። ይሄን ደጋግሜ ለራሴ እላለሁ። ማንም የለም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ጋሽ ማቴዎስ ጠዋት መጡ። ሳሎን ተቀመጡ። ሻዩን አልነኩትም።

"ምሕረት" አሉኝ። ምሕረትዬ አላሉኝም። "መሬቴን ይወስዱብኛል?"

"አይወስዱም ጋሽ ማቴዎስ። አይተው ይሄዳሉ።"

"ስንት ቀን?"

"ጥቂት ቀን።"

"ሲሚንቶው መጥቷል፤ ብረቱም መጥቷል። ማክሰኞ ልንሞላ ነበር።" መዳፋቸውን አዩ። "ግን ካገኘሽው ምን ታደርጊ? መደበቅ አትችዪ፣ ሥራሽ ነው። አንቺን አልቀየምም።"

ቢቀየሙኝ ይሻለኝ ነበር። እማዬ ከወጥ ቤቱ በር ቆማ እኔን ታየኛለች።

ሲወጡ ብርቄ በራችን ላይ ናት። ጣቷን በጨርቅ አስራለች። "ዶክተር፣ መቼ ነው የሚከፈትልን? እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ስትከለክዪኝ ምን ልብላ?" የቤቱን እህል ልስጥሽ ብላት ተቆጣች። "ሥራ ነው የጠየቅሁሽ።" ሄደች።

አስር ሰዓት ላይ ዶክተር ኃይሉ ደወሉ። ከባህል ቢሮው ሰምተዋል። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኗል።

"ምሕረት! ዓለም ባንክ ሰፈር? በጓሮሽ? ለምን አልደወልሽልኝም?"

"ገና... እርግጠኛ አልሆንኩም።"

"ፎቶው ብዥ ብሏል፣ ግን አቀማመጡ ግሩም ነው። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። እንዳታስነኪው!"

ዘንድሮ ጡረታ ሊወጡ ነው። አዲስ አበባ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ባገኝ እያሉ ስንት ዓመት ሲመኙ ሰምቻቸዋለሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መጋቢው "ለወንድማችን ማቴዎስ ሥራ እንጸልይ፣ እንቅፋት ገጥሞታል" አሉ። እንቅፋቱ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ማቴዎስ ተንበርክከው አለቀሱ። እማዬ በዝማሬው ሰዓት አፏን አልከፈተችም።

በእግር ስንመለስ፣ ጭቃውን እየዘለልን፣ "ጣሳዋ ጎድላለች" አለችኝ።

"አዎ።"

የነጠላዋን ጫፍ ከጭቃው ሰበሰበች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ዛሬ እንዴት ትዘምሪ ነበር?"

"አሁንስ መች ዘመርኩ።"

እማዬ እኔ የሰውን ዘር አመጣጥ አጠናለሁ ስላት፣ ለማኅበሯ ሴቶች "የአዳምን ዘመን ነው የምትቆፍረው" ብላ በዘዴ አስታርቃኝ የኖረች ሴት ናት። ሥራዬን ባትቀበለውም አንድ ነገር ታምንበት ነበር፤ ልጄ ያላየችውን አታወራም ትል ነበር። ዛሬ እንዲያ አላለችም።

ለዶክተር ኃይሉ ዛሬውኑ ልደውልላቸው ይገባ ነበር። ስልኩን ሦስቴ አነሳሁ። ከነገርኳቸው ነገ ጠዋት ሥራው ይከፈታል። ካልነገርኳቸው ነገ ይመጣሉ። አንድ ቀን ተጨማሪ፣ መሐንዲሱ እስኪመጣ፣ እያልኩ መሸ። ፍርሃት ነው። ለብርቄ ብቻ አይደለም፤ ለራሴም ፈርቻለሁ።

ከምሳ በኋላ የጀመረው ዝናብ እስካሁን አላባራም። የወጥ ቤቱ በር አልዘጋ ብሏል። ጉበኑ ዘሟል። እማዬን ሳሎን እንድትተኛ አደረግሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ዶክተር ኃይሉ በማለዳ መጡ። የበረሃ ጫማቸውን አድርገው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ብሩሻቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሰክተው። ጋሽ ማቴዎስና ታደለ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመዋል። ዝናቡ አባርቷል፤ ግድግዳው ላይ ግን ውኃ በቀጭኑ ይወርዳል።

"የቱ ጋ ነው?" አሉኝ። አሳየኋቸው። ገመዱን ከፍ አድርገው ሾልከው ገቡ።

ይሄን አላሰብኩም ነበር። ስንት ነገር ሳወጣ ሳወርድ ይሄን አላሰብኩም። ሰዎቹን ላወጣ ብዬ ያስቀመጥኩት ድንጋይ ሽማግሌውን ሰውዬ እየጠራቸው ነው።

"አይውረዱ!"

ዘወር አሉ።

"የኔ ነው። በረንዳዬ ላይ የፈለጥኩት ነው። ዓርብ ዕለት እኔ ነኝ የሰካሁት።"

ዶክተር ኃይሉ ያልገባቸው መስለው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። ጋሽ ማቴዎስ "ምን አለች?" ብለው ታደለን ጠየቁት። ታደለ አቀርቅሯል።

"ግድግዳው ሊወርድ ነው" አልኩ። "ነገርኳችሁ፣ አልሰማችሁኝም። ሌላ ዘዴ አጣሁ።"

ጋሽ ማቴዎስ አልጮኹም። "ትላንት እኔ በጉልበቴ ስንበረከክ" አሉ፣ "አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ነበር።"

ዶክተር ኃይሉ ገመዱን ተሻግረው ተመለሱ። ወደ እኛ ግቢ ገቡ፤ ስንጥቁን አጎንብሰው አዩት፤ በትራቸውን ወደ ውስጥ አወረዱት። በትሩ ወረደ፣ ወረደ። ከዚያ ለጋሽ ማቴዎስ እንዲህ አሏቸው፦ "የሷ ጥፋት የኔ ጉዳይ ነው። ግን አርባ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እዚህ አልወርድም። እርስዎም የሰው ልጅ አያውርዱ።" ጭቃውን ከጫማቸው አራግፈው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ከሰዓት ከቢሮ ስልክ መጣ። የሆነውን በጽሑፍ እንዳቀርብ፤ ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

እጄ አሁንም እንደጨቀየ ነው። ልጻፍና ልታጠብ።

ጋሽ ማቴዎስ ጠዋት አጣና በመኪና ጭነው መጡ። ግድግዳውን ሊደግፉ ነው። ገመዱ ተነሥቷል፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ተጠርተዋል። ታደለ "ቀስ ብለን ነው የምንገባው" አለኝ። እኔን ሳያይ ነው ያለኝ። አጣናውን መንገድ ላይ እያወረዱ ሳለ ግድግዳው ወረደ።

አሁንም ድምፅ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ትልቅ እንስሳ ጎኑን ለውጦ ሲተኛ እንደሚተነፍሰው ዓይነት ነው። ወጥ ቤታችን ግማሹ አብሮ ሄደ። ምድጃው፣ መደርደሪያው፣ የእማዬ ድስቶች። እማዬ ሳሎን ነበረች።

ታደለ ሰዎቹን በስም መጥራት ጀመረ። ሁሉም አቤት አሉ። ብርቄ የለችም። አንዱ "አካፋ ላምጣ ብላ ወርዳለች" አለ። ሌላው "አይ፣ አላየኋትም" አለ። ከዚያ ሁላችንም ጭቃው ላይ ነበርን። በእጃችን፣ በሳህን፣ በአጣና። ጋሽ ማቴዎስ በሱፍ ኮታቸው እንዳሉ ይቆፍራሉ፤ "ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ" ይላሉ። እኔ ቆፋሪ ነኝ፤ እንዲህ ቆፍሬ አላውቅም። ጭቃው ያወጣነውን ያህል ተመልሶ ይመጣል።

"ምን ሆናችሁ?" የሚል ድምፅ ሰማን።

ብርቄ ከላይ ቆማለች። ዳቦ ልትገዛ ሱቅ ሄዳ ነበር። ፌስታሉን እንደያዘች ጉድጓዱን አየች፣ እኛን አየች። ታደለ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

እማዬ "እንሂድ" አለችኝ። ጋሽ ማቴዎስ ቤት ሄድን። ግንባታው እስኪያልቅ ትልቋ ልጃቸው ጋ ነው ያሉት፣ ሳንሱሲ ሰፈር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ወንበር እያመለከቱ "ተቀመጪ" አሉኝ።

"ሰው አልሞተም" አሉ። "እሱን ማንም አይነካብኝም፤ ተመስገን ነው። የእናትሽን ወጥ ቤት እሠራለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"ይጠይቁኝ።"

"ሐሙስ ቁራጩ ከወደቀ በኋላ ታደለ አስቦበት ነበር፤ ዓርብ ባታስቆሚን ቅዳሜ ድጋፉን ሊጀምር ነበር። ሦስት ቀን ባዶውን ዝናብ ጠጣ። ብንሠራ ኖሮ ይቆም ነበር ወይስ አይቆምም?"

ግድግዳው ተንጠልጥሎ ነበር፣ ስንጥቁ ጠልቆ ነበር፣ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ሊወርድባቸው ይችል ነበር። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን የጠየቁኝን አላውቅም።

"አላውቅም ጋሽ ማቴዎስ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያመኑኝ መሰለኝ። በሳምንቱ ካልኳቸው ሁሉ ያመኑኝ ይሄን ብቻ ነው።

ታክሲ ውስጥ ዶክተር ኃይሉ ደወሉ። አጭር ነበሩ። ፈቃዱ በኔ ስም አይወጣም። ከመሥሪያ ቤቱ ልቆይ ወይም ልሰናበት ነገ ይወሰናል። "ስለ ግድግዳው የማውቀውን እናገራለሁ፤ ስለ ድንጋዩም የማውቀውን እናገራለሁ" አሉኝ። ከዚህ በላይ ልጠይቃቸው አልችልም። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት "እናትሽ ደኅና ናቸው?" አሉ። ደኅና ናት አልኳቸው።

እማዬ ሳሎን ውስጥ በከሰል ሽሮ ሠራችልን። እየበላን፣ "ነገ ምን ትያቸዋለሽ?" አለችኝ። "የሆነውን" አልኳት።

ሊመሽ ሲል ጉድጓዱን በማዶው በኩል ዞሬ አየሁት። በዚያ በኩል አዲስ የገቡ ጎረቤቶች አሉ፣ ባልና ሚስት ከሕፃን ጋር። መሬቱ ላይ፣ ከአጥራቸው ሥር፣ ፀጉር የመሰለች መስመር ወጥታለች። ቀጥ ያለች። ምናልባት የበጋው ድርቀት የተወው ነው። ምናልባት አይደለም።

በራቸውን አንኳኳሁ፤ አልነበሩም። ጠዋት ኮሚቴው ጋ ከመሄዴ በፊት ተመልሼ አንኳኳለሁ። ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፣ ያየሁትን ብቻ። ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም።